የውባንቺ የቀብር ሰዓት

«እንኳንም ዛሬ ሞተች!» ሲሉ ሰማቸው። በላቸው ከንቲባው ቤት በረንዳ ላይ ቆሞ የጫማውን ጭቃ በደረጃው ጠርዝ እየጠረገ ነበር። ገና ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው፤ ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ከቆርቆሮው ጫፍ ይንጠባጠባል፤ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ከንቲባ ያየህ በካኔቴራ ሆነው ስልክ ያወራሉ። «ሸክላ ሠሪዋ ናት አሉ፣ ውባንቺ የምትባለዋ። የታች ሰፈር እድርተኛ ናት። ቀብሯ ሦስት ሰዓት ከሆነ አምስቱ ጥለው ይወጣሉ። አምስቱ ከወጡ ምን ጉባኤ አለ? እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው፣ ሳይለምኑት።» ከዚያ ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ የጠፋ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ያገኘ ሰው የሚስቀው ዓይነት ሳቅ ነበር። በላቸው ጫማውን መጥረጉን ቀጠለ፤ ጭቃው ካለቀ ቆይቷል። ውባንቺ አክስቱ ናት፣ የአባቱ ታናሽ እህት።

ይህን ከንቲባው አያውቁም። ከደብረ ታቦር ተሹመው ከመጡ ገና ሁለት ዓመታቸው ነው። የከተማው ሰው ግን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አያወራውም እንጂ። በላቸው በአሥራ ስምንት ዓመቱ ከጭቃው ተነሥቶ እጁን ታጠበ፤ ማዘጋጃ ቤት በተላላኪነት ተቀጠረ፤ የገበሬ ልጅ አገባ፤ ፊት ለፊቱ «የሸክላ ሠሪ ዘር» ያለው ሰው የለም። ከኋላው ምን እንደሚባል ያውቃል፤ ስለ ሸክላ ሠሪና ስለ ቀጥቃጭ ምን እንደሚባል የማያውቅ ሰው እዚህ አገር አልተወለደም። ከተማው በሙሉ በውባንቺ ድስት ወጡን ይሠራል፣ በውባንቺ ማድጋ ውሃውን ያቀዘቅዛል፤ ውባንቺ ቤት ገብቶ ውሃ የሚጠጣ ግን የለም። በላቸውም እንደ ከተማው ሆነ። አክስቱን ሊጠይቅ ሲሄድ ከደጅ ቆሞ ነው የሚያነጋግራት። «ውሃ እንኳ ቅመስ፣ ልጄ» ስትለው፣ «አሁን ጠጥቼ መጣሁ፣ እትዬ» ይላል። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ አሁን ጠጥቶ መጣ። እሷም ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ አምና ዝም አለች፤ ማመኗን እንጃ፣ ዝም ማለቷን ግን እርግጠኛ ነው።

ጉማራ ዳር ከሐሙሲት ወደ ወረታ በሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኝ የተደረደረች ከተማ ናት፤ ሩዝና ሽንኩርቷ የተትረፈረፈ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ግን ግማሽ ጎኗ ውሃ ውስጥ የሚተኛ። ምክር ቤቷ ሠላሳ አንድ ወንበር አለው፤ ሠላሳ አንዱም የአንድ ፓርቲ ሰዎች ናቸው። አንድ መሆናቸው ግን አምና የቀረ ነገር ነው። ከፓርቲው ጉባኤ ሲመለሱ ሁለት ክንፍ ሆነው መጡ፤ የከንቲባው ክንፍና የአፈ ጉባኤዋ የወይዘሮ ጸሐይነሽ ክንፍ። ከንቲባው አዲሱ መናኸሪያ ድልድዩ ዘንድ ይሠራ አሉ፤ ምክር ቤቱ ሩዝ መፈልፈያዎቹ ዘንድ ብሎ ወሰነ። ከዚያ ወዲህ ሻይ ቤቱ ተለየ፣ ፀጉር አስተካካዩ ተለየ፣ ሰርግ የተጠራ ሰው ሙሽራው የማን ክንፍ ነው ብሎ ሳይጠይቅ አይሄድም፤ መናኸሪያው ግን ድልድዩም ዘንድ መፈልፈያውም ዘንድ የለም። ዛሬ ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ምክር ቤቱ በከንቲባው ላይ የመተማመኛ ድምፅ ሊሰጥ ነው። አፈ ጉባኤዋ አሥራ ስምንት ሰው አላቸው። የከንቲባው አሥራ ሦስት ደጅ ሆነው ላይገቡ ተማምለዋል። ጉባኤው ያለ አሥራ ስድስት ሰው አይቆምም። ከአሥራ ስምንቱ አምስቱ ደግሞ የታች ሰፈር እድርተኞች ናቸው። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው፤ ከዚህ የበለጠ ሂሳብ የለውም።

የታች ሰፈር እድር ጥሩምባ ደግሞ በበላቸው እጅ ነው። ጥሩምባው ሲነፋ ሚኒስትርም ቢሆን ይነሣል፤ ሰምቶ የቀረ በእሑድ ስብሰባ ስሙ ተጠርቶ ቆሞ ይወቀሳል፣ ከዚያ በኋላ የሱን ሬሳ ማን ይሸከማል? አንዴ የተነገረ ሰዓት ደግሞ አይለወጥም፤ ሰማይ ቢደፋ አይለወጥም። ሰዓቱን የሚናገረው ለሟች በሥጋ የቀረበ ወንድ ነው፣ በእድሩ ዳኛ ደጅ ቆሞ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ዝምድናውን በአፉ ተናግሮ። ወንድ ዘመድ ከሌለ ዳኛው ይወስናሉ። ውባንቺ ወንድ ልጅ የላትም፤ ያለቻት ሰገን ብቻ ናት፣ ይፋግ ገበያ ሸክላ የምትሸጠው። ወንድሞቿ አልቀዋል። የቀረው የወንድሟ ልጅ ነው፣ ይኸው ጭቃ የሌለው ጫማ የሚጠርገው።

ከንቲባው ወጡ። «በላቸው፣ መጣህ? ጥሩ። ሙት አያድርም፣ አይደል? ሦስት ሰዓት ላይ ትቀበር። ዳኛው አባ ወልደ ሥላሴ እስኪነሡ አትጠብቅ፤ እሳቸው የማን ሰው እንደሆኑ አንተም ታውቃለህ። አሁኑኑ ንፋው፣ ከተነፋ አይመለስም ይባላል አይደል?»

«ልጇ ይፋግ ናት፣ ጌታዬ። ለሦስት ሰዓት አትደርስም።»

«ለለቅሶው ትደርሳለች። ለቅሶ ሦስት ቀን ነው።» ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «አይዞህ፣ እኛ ድሃ አንረሳም።»

በላቸው «እሺ» አለ። የበላቸው እሺ አዎ ማለት እንዳልሆነ የሚያውቁ ማዘጋጃ ቤት የቆዩ ሰዎች ብቻ ናቸው። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል እንደሚባለው፣ እሱም ለሁለቱም ክንፍ እሺ እያለ ነው ዓመቱን የገፋው።

ማዘጋጃ ቤት ሲደርስ ወይዘሮ ጸሐይነሽ አዳራሹን ራሳቸው ከፍተው ወንበር ያስደረድራሉ። ወሬው ቀድሞት ደርሷል። አፈ ጉባኤዋ የጉማራ ዳር ተወላጅ ናቸው፤ አባታቸው ከበላቸው አባት ጋን ሲገዙ የኖሩ ሰው ናቸው። ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ነፍስ ይማር አሉ፤ ደግ ሴት ነበረች አሉ፤ እሳቸው ቤት ያለችው ማሰሮ የሷ እጅ ሥራ እንደሆነች፣ አሥራ አንድ ዓመት እንዳልተሰነጠቀች ነገሩት። ከዚያ ቀብሯ ዘጠኝ ሰዓት ቢሆን ምን ይመስልሃል አሉት፤ እስከዚያ ድምፁ ይሰጣል፣ ሁሉም በሰላም ይወጣል።

«ዘጠኝ ሰዓት ዝናብ አለ፣ እትዬ ጸሐይነሽ። ጅረቱ ከሞላ ኪዳነ ምሕረት ማን ያሻግራታል?»

«ዛሬ ላይዘንብ ይችላል።» ሐምሌ ሃያ አንድ ቀን ነው፤ ይህን ሲሉ ወደ ሰማይ አላዩም። «ለማንኛውም አባ ወልደ ሥላሴን አነጋግሬያቸዋለሁ። ወንድ ዘመድ ካላት ይናገር፤ ከሌላት እሳቸው ይወስናሉ። አንተን ምን ያስጨንቅሃል በላቸው፣ ዘመድ አይደለህ።»

ዘመድ አይደለህ ያሉት እያወቁ ነው። እንደ ውለታ ነው ያሉት፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት የተከናነበውን ነጠላ ጎተት አድርገው ይበልጥ እንደ ሸፈኑለት ሁሉ። በላቸው ጆሮው ሥር ሞቀው። «እሺ» አለ አሁንም፤ ከደረጃው ሲወርድ እግሩ ተሳሳተበት። ሁለቱ ሊያሸንፉበት ከመረጡት ሰዓት አንዱ ልጇን ከእናቷ ፊት ይከለክላል፣ አንዱ ሬሳዋን ጅረት ዳር ያሳድራል። ልጇም ደርሳ ውሃውም ሳይሞላ የምትቀበረው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ስድስት ሰዓት ያለ ሰው ግን እስካሁን የለም፤ ስድስት ሰዓት ለማንም ክንፍ አይጠቅምም።

ጥሩምባውን ሊያመጣ ቤቱ ሄደ። ሚስቱ አልጣሽ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በሩ ላይ ተቀምጣ ደረሰ። ሩዙን ለሳምንቱ ልትለቅም ያወጣችው ሰፌድ ሳይነካ ጥጉ ላይ አለ። ሃያ ሰባት ዓመት አብረው ሲኖሩ ስለ ውባንቺ ቤት አንድ ቀን ተነጋግረው አያውቁም። ሲጋቡ ከሐሙሲት የመጡት የሷ ዘመዶች ዳስ ውስጥ ሲበሉ፣ ውባንቺ ሦስት ድስትና አንድ ማድጋ አምጥታ ከጓሮ አስረክባ ተመለሰች፤ አልጣሽ ስታስረክብ አይታለች፣ በላቸውም አልጣሽ ማየቷን አይቷል፤ ነገሩ እዚያው ዳሱ ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ። እሱ እንዲያ መስሎት ነበር።

«ሰገን ደውላ ነበር» አለች አልጣሽ። «ወረታ ደርሳለች። መኪናው አልሞላም ብለው አስቀምጠዋታል። አምስት ሰዓት ሳይሆን አትደርስም።»

«ያንቺን ስልክ ከየት አመጣችው?»

አልጣሽ ቀና ብላ አየችው። «ከኔ። ከየት ታመጣዋለች?» ነጠላዋን አስተካከለች። «እኔ እትዬ ውባንቺ ዘንድ ስሄድ አሥር ዓመት አለፈኝ፣ በላቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ። ገበያ ዋልኩ የምልህ። እቀመጣለሁ፣ ውሃዋንም እጠጣለሁ። ያለፈው ቅዳሜም ጠጥቼ ነው የመጣሁ።»

በላቸው ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ቁጣው ከየት እንደሚነሣ ሲፈልግ ጊዜው አለፈ። የገበሬ ልጅ፣ የሸክላ ሠሪ ደም የሌለባት፣ አክስቱ ቤት ተቀምጣ ስትጠጣ፣ እሱ ደጅ ቆሞ ዋለ። ይህን ሁሉ ቅዳሜ የት ሄድሽ ብሎ ሳይጠይቅ፣ ሽንኩርት ይዛ ስትገባ ሲቀበላት ኖረ። አፈረ። እፍረቱ ከከተማው ሳይሆን ከሚስቱ መምጣቱ ደግሞ ጨርሶ አሳነሰው። ጥሩምባውን ከምሰሶው ላይ አወረደ፤ በሸሚዙ ጠርዝ የጥሩምባውን አፍ ጠረገ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፤ ቤቱ ውስጥ ያለውን ነገር የመጨረሻው ሰሚ እሱ ሆነ።

«ሰዓቱን ማን ይናገራል?» አለችው ከኋላው። ጥሩምባውን ብብቱ ሥር አድርጎ ወጣ።

የውባንቺ ቤት አንድ ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ ጭቃ፣ መሬቷም ጭቃ፣ ሕይወቷም ጭቃ። በበሩ ግራ በላስቲክ የተሸፈኑ ያልተተኮሱ ማሰሮዎች በረድፍ ተቀምጠዋል፤ ክረምት ለሸክላ ሠሪ ክፉ ወቅት ነው፣ የተበጀው አይደርቅም፣ ያልደረቀው አይተኮስም፣ ፀሐይ እስኪወጣ እንደ ታመመ ልጅ እየተሸፈነ ይጠበቃል። በላቸው ሳያስበው ቆጠራቸው፤ ዘጠኝ ናቸው። የዘጠነኛዋ አንገት አልተጨረሰም፤ የአውራ ጣት ምልክት ጠርዟ ላይ እንዳለ ነው። ከልምዱ የተነሣ ደጁ ላይ ቆመ። ከውስጥ ሴቶች ይገንዛሉ። የጎረቤቷ የአማከለች ድምፅ ይሰማል፤ ከጥፍሯ ሥር ያለው ጭቃ አልወጣ አለ እያለች ነው፣ ሌላዋ ተዪው ይዛው ትሂድ ትላታለች።

አማከለች ብቅ አለች። እሷም ሸክላ ሠሪ ናት፣ እጇ እስከ ክርኗ የተሰነጣጠቀ። በእጁ ያለውን ጥሩምባ አየች፤ ከዚያ እሱን አየች። «የመጣህ በእድሩ ነው በዘመድነትህ፣ አያ በላቸው?» አለችው፤ በነገር አልነበረም፣ የት እንደምታስቀምጠው ለማወቅ ነው የጠየቀችው። «በእድሩ ከሆነ ሰዓቱ እዚህ የለም፤ ወደ አባ ወልደ ሥላሴ ሂድ። በዘመድነትህ ከሆነ ግን ደጅ የሚቆም ዘመድ አለ ወይ? ግባ እንጂ።»

ገባ። ራሱን ዝቅ አድርጎ ነው የገባው፤ በሩ አጭር እንደሆነ ሰውነቱ ከልጅነቱ ጀምሮ ያስታውሳል። ውስጡ የእርጥብ ጭቃና የጭስ ሽታ አለው። ውባንቺ ትንሽ ሆናለች፤ ይህችን የምታህል ሴት እንደዚያ ያሉትን ጋኖች እንዴት ታነሣቸው እንደነበር ገረመው። ሴቶቹ ማልቀስ ትተው ይጠብቁታል፤ አንድ ነገር ይላል ብለው። አለቀሰ። ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ፣ የሰው ቀብር ሲጠራ የሚያወጣውን ድምፅ ሳይሆን ሌላ፣ እሱ ራሱ የማያውቀውን ድምፅ። በመስኮቱ ሲያይ ከጣና በኩል ደመናው መነሣት ጀምሯል።

አባ ወልደ ሥላሴ ግቢ ሲደርስ ሁለት ሰዓት ተኩል አልፏል። ሽማግሌው ካባቸውን ደርበው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ በቀኛቸው የከንቲባው ሾፌር፣ በግራቸው የአፈ ጉባኤዋ ወንድም። ሁለቱም ለቅሶ ደራሽ መስለው በማለዳ የመጡ ናቸው፤ ሁለቱም ሰዓታቸውን ያያሉ። ሾፌሩ በላቸውን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ፤ ጥሩምባው እስካሁን አለመነፋቱ አናዶታል። አባ ወልደ ሥላሴ የአፈ ጉባኤዋ ሰው ናቸው፤ ቢሆንም ሥርዓት ሥርዓት ነው፣ ሃያ ዓመት ዳኝተውበታል፣ ሳይጠይቁ አይወስኑም።

«የሟች ወንድ ዘመድ አለ?» አሉ፤ መልሱን እንደሚያውቅ ሰው ወዲያው ቀጥለው ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው።

በላቸው ኮፍያውን አወለቀ። «አለሁ፣ አባ።»

ወንድምየው ሳቅ ሊል ነበር፤ ተወው። ሾፌሩ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ግቢው ውስጥ የታሰረው የፎገራ በሬ ሣር ሲነጭ ይሰማል።

«ምንህ ናት?» አሉ አባ ወልደ ሥላሴ። እሳቸውም ያውቃሉ። ግን ሥርዓቱ በአፍ ይነገር ነው የሚለው።

«የአባቴ እህት። በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ። እኔ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ፣ እርስዎም ያውቃሉ። ቀብሯ ስድስት ሰዓት ነው።»

«ስድስት?» አለ ሾፌሩ። «ስድስት?» አለ ወንድምየውም። ዓመት ሙሉ በአንድ ነገር ተስማምተው የማያውቁ ሁለት ክንፎች በዚህ ቃል ተስማሙ። አባ ወልደ ሥላሴ በዘንጋቸው መሬቱን አንዴ መቱ፤ መዝገቡ ተዘጋ ማለት ነው። «ቤተሰብ ተናግሯል። ስድስት ሰዓት። ንፋው፣ ልጄ።»

ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነፋው። ከታች ሰፈር ጀምሮ አስፋልቱን ይዞ ወጣ፤ ባጃጆቹ ቆሙ፣ ሻይ ቤቶቹ ጸጥ አሉ። ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ መስኮት ሥር ሲደርስ ቆመ። ሁልጊዜ የሟችን ስም ሲጠራ የሰውን ዝምድና ነው የሚደረድረው፤ የእገሌ እናት፣ የእገሌ አማት እያለ። አሁን ግን ስሟን ከመጥራቱ በፊት ጥሩምባውን ደግሞ ነፋ። ከዚያ ጮኸ፦ «የታች ሰፈር እድርተኛ! ሸክላ ሠሪዋ ውባንቺ፣ የሰገን እናት፣ የጥሩምባ ነፊው የበላቸው አክስት፣ አርፋለች! ቀብሯ ስድስት ሰዓት ኪዳነ ምሕረት ነው!» ከመስኮቱ አንድ ራስ ብቅ አለ፣ ሌላም ጨመረ። በላቸው ወደ ላይ አላየም፤ መንገዱን ቀጠለ።

ቀጥሎ አዳራሹ ውስጥ የሆነውን ኋላ ነው የሰማው፤ ከተማው ግን እስከ ዛሬ ያወራዋል። ወይዘሮ ጸሐይነሽ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጊዜ አለኝ ብለው ተደሰቱ፤ ድምፅ ለመስጠት ሩብ ሰዓት ይበቃል። የከንቲባው አሥራ ሦስት ሰዎች ግን ይህን ሲሰሙ አንገባም ያሉትን ትተው ግር ብለው ገቡ፤ ሦስቱን ሰዓት በሙግት መጨረስ ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው። ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይጽደቅ ሲባል፣ «በጭብጨባ ተጠናቀቀ» የሚለው ይሰረዝ፣ እኛ አላጨበጨብንም አሉ። አጨብጭባችኋል፣ አላጨበጨብንም። ማን አየ? ቪዲዮ አለ። ቪዲዮው ይምጣ። ቪዲዮው ሲመጣ ድምፅ የለውም፤ እጅ ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ ትንኝ ማባረር ነው አሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። አምስቱ የታች ሰፈር ሰዎች ነጠላቸውን ከቦርሳ አውጥተው ማዘቅዘቅ ጀመሩ። በዚህ ጊዜ ከንቲባው ራሳቸው በር ላይ ታዩ፣ ጥቁር ኮት ለብሰው። «እናታችን ውባንቺን የሚሸኝ ይከተለኝ» አሉ። አፈ ጉባኤዋ ብቻቸውን አዳራሽ ቢቀሩ ከነገ ጀምሮ ድሃ ናቂ ሊባሉ ነው። ጉባኤውን በሕሊና ጸሎት በተኑትና ከከንቲባው ቀድመው ለመድረስ መኪናቸውን አስነሡ።

ጉማራ ዳር ለሸክላ ሠሪ እንዲህ ያለ ቀብር አይታ አታውቅም። ሰገን ከወረታ ደርሳ የእናቷን ፊት ስማ ገና ሳትጨርስ ግቢው በባለሥልጣን ሞላ። ቃሬዛው ሲነሣ ሊሸከም የተጋፋው ሰው ብዛት የጉድ ነው፤ በአንድ በኩል አሥራ ሦስቱ፣ በሌላ በኩል አሥራ ስምንቱ፣ ትከሻ ለትከሻ እየተገፋፉ። የአንዱ ክንፍ ሰው ሲተካ የሌላውም ወዲያው ይተካል፤ ቃሬዛው አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ አማከለች ከኋላ «ኧረ ቀስ፣ ሕያው እያለች እንኳ እንዲህ አላንገላታችኋትም» ብላ ጮኸች። ጅረቱን በድንጋዮቹ ላይ ተሻገሩ። ከመቃብሩ አጠገብ ከንቲባው ስለ እደ ጥበብ ባለሙያዎች ተናገሩ፣ የሸክላ ማዕከል እንደሚሠሩ ቃል ገቡ፣ ድልድዩ ዘንድ። ወይዘሮ ጸሐይነሽም ተናገሩ፣ የሸክላ ማዕከል ቃል ገቡ፣ መፈልፈያዎቹ ዘንድ። ቄሱ ሰማዩን አይተው ሁለቱንም አቋረጡ። አፈሩ ተመለሰ። በላቸው የመጀመሪያውን አካፋ ሲያነሣ አፈሩን በጣቱ ፈተገው፤ ሸክላ የሚሆን አፈር ነበር፣ ለስላሳ። እጁን አልጠረገም።

ዝናቡ ውባንቺ ደጅ የተተከለው ድንኳን ውስጥ ሲደርሱ ጀመረ፣ ዘጠኝ ሰዓት እንኳ ሳይሆን። ጅረቱ ሲሞላ ከሩቅ ይሰማል። እድሩ ንፍሮ አቀረበ፤ ሰው ከእድሩ ሰፌድ እየቆነጠረ በላ፣ ንፍሮው የእድሩ ነውና። ከዚያ ሰገን ተነሣች። ወደ ቤት ገብታ የእናቷን ማድጋ ይዛ ወጣች፣ በሌላ እጇ የሸክላ ዋንጫ። ሞልታ በመጀመሪያ ለከንቲባው ሰጠቻቸው፣ በሁለት እጇ፣ ጎንበስ ብላ።

ከንቲባ ያየህ ዋንጫውን አዩት። «እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ። ጾም ነኝ» አሉ።

ሐሙስ ነው። የሐዋርያት ጾም ከተፈታ ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ አፋቸው ጥግ ላይ ደግሞ የንፍሮ ገለባ አለ። ማንም አልሳቀም። ሰገን ወደ ወይዘሮ ጸሐይነሽ ዞረች፤ እሳቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና ጨጓራዬ አሉ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ተከልክያለሁ። ቀጥሎ የተቀመጠው አሁን ጠጣሁ አለ። ከሱ ቀጥሎ ያለው ለሚቀጥለው አሳለፈው፤ ያኛውም አሳለፈው። ሬሳዋን ለመሸከም የተጋፉት ትከሻዎች ሁሉ ዋንጫዋን ለማሳለፍ ተቀባበሉ፤ ሁለቱ ክንፎች በዚህኛውም ያለ ክርክር ተስማሙ። ዋንጫው አንድ ጠብታ ሳይጎድል፣ ሞልቶ እየተንቀጠቀጠ፣ ወንበሩን ሁሉ ዞሮ ከመጨረሻው ሰው ዘንድ ደረሰ። በመጨረሻው ወንበር የተቀመጠው በላቸው ነው።

ዋንጫውን ያዘ። ቀዝቃዛ ነው፣ ላቡ መዳፉን አራሰው። «አሁን ጠጥቼ መጣሁ» የሚለው ቃል ከልማድ የተነሣ አፉ ድረስ መጣ፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት የተለማመደው ምላሱ ብቻውን ያውቀዋል። ከሴቶቹ መካከል አልጣሽ ታየዋለች። ሌሎቹም ሁሉ ያዩታል፤ ከንቲባው ሲያዩ አፈ ጉባኤዋ ሲያዩ፣ ዝናቡ ሸራውን ሲደበድብ። ጠጣ። እስከ መጨረሻው ጠጣ። ያ የማድጋ ውሃ ጣዕም፣ ያ እርጥብ አፈር አፈር የሚለው፣ የአምስት ዓመት ልጅ ሆኖ ከጀርባዋ ወርዶ የጠጣው ነው፤ አንድም ነገር አልተለወጠበትም። 

ባዶውን ዋንጫ ለሰገን ዘረጋላት። «ጨምሪልኝ» አለ በዝግታ።

ሰገን ማድጋውን አላነሣችም። ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም። «ጮክ በል እንጂ፣ አያ በላቸው» አለችው። «ጥሩምባ ነፊ አይደለህ።»

በላቸው ተነሥቶ ቆመ። ሙት በሚጠራበት ድምፁ፣ ከታች ሰፈር እስከ ድልድዩ በሚሰማው፣ «ከእትዬ ውባንቺ ማድጋ ውሃ ጨምሪልኝ!» አለ።

ሰገን ቀዳችለት። ሁለተኛውን ቆሞ ጠጣው።